ያልታየውን ተቀባይ ማን አገኘው?

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ «አሴቲልኮሊን በተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ጡንቻ ይኮማተራል» ብለን እናስተምራለን። ተማሪውም ይህንኑ በቃሉ አጥንቶ ለፈተና ያቀርባል። አንድ ዕጩ መምህር ግን «ለመሆኑ ተቀባዩን ማን አየው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው።

በ1905 እ.ኤ.አ. የካምብሪጁ ሊቅ ጆን ላንግሌይ ነርቩ ተቆርጦ በሞተ የዶሮ ጡንቻ ላይ ኒኮቲን ቢያደርግ ጡንቻው ተኮማተረ። ኩራሬ የተባለውን የቀስት መርዝ ሲጨምር የኒኮቲን ኃይል ከሸፈ፤ ሆኖም ጡንቻው በኤሌክትሪክ ሲነካ መኮማተሩን አልተወም። ስለዚህ ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሻሙት ነርቩንም ሆነ የሚኮማተረውን አካል ሳይሆን፣ በጡንቻው ላይ ያለ ሌላ «ተቀባይ ነገር» ነው ሲል ደመደመ።

በ1914 እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል አሴቲልኮሊንን መረመረ። ቅመሙ ከእንጉዳይ እንደሚገኘው ሙስካሪን የልብን ትርታ ያዘገያል፣ የደምንም ግፊት ይቀንሳል፤ ይህንን አትሮፒን ያግደዋል። ከአትሮፒን በኋላ በብዛት ሲሰጥ ግን እንደ ኒኮቲን የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። እንግዲህ መልእክተኛው አንድ ሲሆን ተቀባዮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ነው።

ይህ ቅመም በእርግጥ የነርቭ መልእክተኛ ነውን? በ1921 ኦቶ ሎዊ በግራትዝ ከተማ የአንዲት እንቁራሪት ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ ቀስቅሶ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ አዛወረ። ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ፈሳሹ የያዘው ቅመም አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ፤ በ1936 ዴልና ሎዊ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። ኦርጋኖፎስፌት የተባለው የፀረ ተባይ መርዝ አሴቲልኮሊንን የሚያፈራርሰውን ኤንዛይም ስለሚያግድ ቅመሙ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ለተመረዘው ገበሬ አትሮፒን ሲሰጠው የሳንባው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ የልቡም ትርታ ይፈጥናል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ድካም ግን በአትሮፒን አይድንም። ጡንቻዎቹ ያሏቸው የኒኮቲን ተቀባዮች ናቸውና። የዴል ክፍፍል እስከ ዛሬ በሕመምተኛው አልጋ ዘንድ ይሠራል።

ተቀባዩ ራሱ ከኤሌክትሪክ ዓሣ ተለይቶ የወጣው ላንግሌይ ካሰበው ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ ነው። ከማየት በፊት በማመዛዘን ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን መደምደሚያውን ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰውንም መንገድ እናሳያቸው።