የሰውን ጠባይ የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ



ነፃነታችን በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የእንግሊዝኛ ቋንቋ በትምህርት ቤቶቻችን ዋነኛ ሥፍራ ይዞ ቆይቷል፤ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰውም አንድ ቀን ስለ ባልደረባው ወይም በሥሩ ስላለ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፍ ሊባል ይችላል። ስለ ጠረጴዛና ስለ ወንበር ሲጻፍ ቃል ቢሳሳት ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ስለ ሰው ጠባይ ሲጻፍ ግን አንድ ያልታሰበበት ቃል የሰውን እንጀራ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ቃላት ከወዴት እንደ መጡና እንዴት እንደ ተለወጡ ጥቂት እንመልከት። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግሊዞች ጠባይን «ካራክተር» ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን፣ የጥንት ትርጉሙ በገንዘብ ወይም በማኅተም ላይ የተቀረጸ ምልክት ማለት ነበረ። ሁለተኛው ስም «ፐርሰናሊቲ» ከላቲኑ «ፐርሶና» የመጣ ነው፤ ይኸውም የቴያትር ተጫዋች ፊቱ ላይ የሚያጠልቀው ጭምብል ነው። እንግዲህ በሥራቸው ብንሄድ አንደኛው በሰው ውስጥ የተቀረጸውን፣ ሁለተኛው ለተመልካች የሚታየውን ያመለክታል። «ባሕርይ» የሚለው የእኛው ቃል ደግሞ በግዕዝ ከባሕር የሚወጣውን ዕንቁም ይጠራል። ሰው የማይታየውን ነገር ለመሰየም ከሚታየው ነገር ስም እንደሚበደር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የጥንቱም ሕክምና ለዚህ መዝገብ ብዙ አበድሯል። የሂፖክራጥስ ወገን የሆኑ የግሪክ ሐኪሞች፣ ኋላም በሁለተኛው መቶ ዓመት ጋሌን፣ የሰው ጤንነት በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን የሚጠበቅ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ከዚህ ትምህርት የተነሣ ደም የበዛበት ሰው «ሳንግዊን»፣ ማለት ተስፈኛና ደስተኛ ተባለ፤ አክታ የበዛበት «ፍሌግማቲክ»፣ ማለት ቀዝቃዛና በቶሎ የማይናወጥ፤ ቢጫ ሐሞት የበዛበት «ኮለሪክ»፣ ማለት ቁጡ፤ ጥቁር ሐሞት የበዛበትም «ሜላንኮሊክ»፣ ማለት ትካዜ የማይለየው ተባለ። ሕክምናው ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ቃላቱ ግን እስከ ዛሬ ይነገራሉ። ሆኖም እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛ ሐሞትን የወኔ መኖሪያ አድርገን ጽኑውን ሰው ሐሞተ ኮስታራ፣ የፈራውን ሐሞቱ ፈሰሰ ስንል፣ በእንግሊዞች ዘንድ ሐሞት የቁጣና የምሬት ምልክት ነው። ብልቱ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ቃላት እንደ ሰው ማዕርጋቸው ከፍና ዝቅ ይላል። ዛሬ ደስ የሚል ሰው የሚመሰገንበት «ናይስ» ከላቲን ሲነሣ አላዋቂ ማለት ነበረ፤ በ1300 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ሞኝን ይሰድቡበት ነበር። «ሲሊ» በተቃራኒው የተባረከና ደስተኛ ከማለት ተነሥቶ፣ የዋህ፣ ቀጥሎም ምስኪን እያለ ወርዶ ዛሬ ሞኝ ማለት ሆኗል። «ሽሩድ» ደግሞ ቀድሞ ክፉ ማለት የነበረ ሲሆን፣ አሁን በሥራና በንግድ አስተዋይ የሆነውን ሰው ያመሰግናል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የዋህ የሚለው ቃላችን በግዕዝ ትሑትና ገር ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በከተማ በቀላሉ የሚታለል ሰውም ይጠራበታል። ብልጥ የሚለውም እንደ ተናጋሪው ድምፅ ምስጋና ወይም ነቀፌታ ይሆናል።

ብዛታቸውንም የቈጠሩ ሰዎች አሉ። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 የእንግሊዝኛን ቃላት በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና ደርድሮ አሳተመ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 ይህንኑ መጽሐፍ መርምሮ፣ ጠባይን የሚገልጹት አንድ ሺህ ያህል እንደሚሆኑ፣ እያንዳንዱም የራሱ መልክ ሲኖረው ከሌሎቹ ጋር ብዙ እንደሚጋራ ጻፈ። በ1936 አሜሪካውያኑ ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት 17,953 ቃላት ለቅመው በአራት ዐምድ ከፈሏቸው። የጸና ጠባይን የሚያመለክቱት 4,504፣ ጊዜያዊ ስሜትንና ሁኔታን የሚናገሩት 4,541፣ ልዩ ልዩ የሆኑት 3,682 ሲሆኑ፣ ከሁሉ የበዙት ግን በሰው ላይ ፍርድ የሚሰጡት 5,226 ቃላት ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከዚህ መዝገብ ሳያስተውል የሚያነሣ ሰው፣ መስካሪ ሆኖ ጀምሮ ሳያውቀው ዳኛ ሆኖ ሊጨርስ ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቃልን ከጎረቤቱ ጋር አጣምሮ ማጥናት ይገባል። በሐሳቡ የጸና ሰው «ፈርም» ሲባል ይመሰገናል፤ «ስታበርን» ሲባል ግን ግትር ተብሎ ይነቀፋል። ጥንቁቁ «ኮሽየስ» ነው፤ ያንኑ ሰው «ቲሚድ» ብንለው ፈሪ አደረግነው። የሰውየው ሥራ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጸሐፊው ዓይን ነው።

ሁለተኛ፣ ያለፈውን ስሜት ከጸናው ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ቀን የተቆጣውን ሠራተኛ ቁጡ ብሎ መጻፍ የአንድን ቀን ደመና የክረምት ምልክት አድርጎ መቁጠር ነው።

ሦስተኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል መገልበጥ አይበጅም። ታጋሹን ሆደ ሰፊ ብለን የምናከብረውን ሰው በቀጥታ ብንተረጉመው እንግሊዛዊው ስለ ወገቡ ውፍረት የተነገረ ይመስለዋል። ኩራት የሌለበትን፣ ቀለል ያለውን ሰው «ሲምፕል» ብንለውም አእምሮው የዘገየ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ስለዚህ በደብዳቤያችን ከምንጽፈው እያንዳንዱ የጠባይ ቃል አጠገብ አንድ የታየ ሥራ ማስቀመጥ መልካም ነው። ታማኝ ነው ካልን ምን አደራ እንደ ጠበቀ፣ ትጉህ ነው ካልን ምን ሥራ በጊዜው እንደ ፈጸመ እንናገር። ቃል በዘመን ብዛት ትርጉሙን ይለውጣል፤ ሥራው ከጎኑ ከተጻፈ ግን አንባቢው ሰውየውን ሳይሳሳት ያውቀዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በሰው የአገልግሎት መዝገብ ላይ በቀለም የሰፈረው ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሄዳል።