ከእንቁራሪት እጭ እስከ እንቅርት፤ የአንድ የቤተ ሙከራ ግኝት ታሪክ

ክረምት ሲገባ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ሜዳ ውኃ ያቆረው ጉድጓድ ሁሉ በእንቁራሪት ድምፅ ይሞላል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከተጣለው ዕንቁላል ውስጥ ጭራ ያለው፣ እግር የሌለው፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍስ እጭ ይወጣል። ይኸው እጭ ከሳምንታት በኋላ እግር አውጥቶ፣ ጭራውን አጥቶ፣ በሳንባው እየተነፈሰ ወደ ሣሩ ይዘላል። እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ይህ ለውጥ በምን ኃይል እንደሚከናወን ለመረዳት ግን ሳይንስ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። የተገኘውም መልስ ከኩሬው አልፎ የዚያኑ አገር ሰው ጤና የሚመለከት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በአንገት ሥር በሚገኘው ታይሮይድ በተባለው እጢ ውስጥ አዮዲን መኖሩን አረጋገጠ። በ1912 ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ የታይሮይድ ሥጋ የመገባቸው እጮች ያለጊዜያቸው ወደ ጥቃቅን እንቁራሪቶች ተለወጡ። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ከእጢው ለይቶ አወጣ። በ1916 ደግሞ ቤኔት አለን ይህ እጢ የተነቀለባቸው እጮች በአካል እየገዘፉ ቢሄዱም እንቁራሪት መሆን እንደተሳናቸው አስታወቀ። እንግዲህ የለውጡ ቁልፍ በዚህች እጢ፣ የእጢዋም ሥራ በአዮዲን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ታወቀ።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ቀረ። ዕድገት በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚዘገይ፣ የእጭ ዕድሜ በቀን ቢቆጠር የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤት ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ኒውኮፕና ፋበር የተባሉት ሆላንዳውያን በ1956 ያሳተሙት ሠንጠረዥ ነው። እነርሱም ዜኖፐስ ሌቪስ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ዕድገት፣ ከተዳቀለው ዕንቁላል አንሥቶ ጭራው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ በ66 ደረጃዎች ከፈሉት። የሆርሞኑ መጠን በደም ውስጥ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ የሚደርሰው በ62ኛው ደረጃ ገደማ መሆኑም ኋላ ተደረሰበት። የዚሁ እንቁራሪት ዘመድ የሆነው ዜኖፐስ ክሊቪ፣ በ1898 ለሳይንስ የተዋወቀው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ውኆች ውስጥ ይኖራል።

በሰው ሽል ላይ እንደ እንቁራሪት እጭ ያለ ለውጥ አይታይም። ነገር ግን የሽሉ አንጎል በሚገባ የሚያድገው በዚሁ ሆርሞን ነው። እናቲቱ አዮዲን ባነሳት ጊዜ የሕፃኑ አእምሮና አካል ሊጎዳ ይችላል፤ የአዋቂውም እጢ የጎደለውን ለማካካስ ሲታገል አብጦ እንቅርት ይሆናል። ኃይለኛ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ባጠበበት ደጋ፣ አዮዲን ከአፈሩ ስለሚጎድል ከእህሉም ይጎድላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በሽታው በአገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይመሰክራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር። ሆኖም በአሰብ በኩል ይገኝ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ ገበያውም በአብዛኛው አዮዲን ባልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ተሞላ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነበር። በቡሬና በወምበርማ ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም የአዮዲን እጥረት በአካባቢው ከባድ የጤና ችግር እንደሆነ አሳይቷል።

ከጉደርናች ሙከራ እስከዚህ ደንብ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ያህል አልፏል። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ጨው ሳይደርሳት የወለደች እናት ልጅዋ ያጣውን ዘግይቶ የሚመልስላት የለም፤ በደረጃው ያልተገኘ ሆርሞን ለአንጎል ኋላ ቢመጣ ብዙም አይጠቅምምና። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የእንቁራሪትን ዕድገት የሚያስተምር መምህር፣ ከሥዕሉ ጎን የወጥ ቤቱን የጨው ዕቃ አብሮ ቢያሳይ ትምህርቱ ምሉዕ ይሆናል።