በጅግጅጋና በአካባቢዋ ድንኳን ተክለው ለማደርና ለመዝናናት ለሚፈልጉ ተጓዦች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ ከሐረር እስከ ጅግጅጋ ባለው መስመርና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች አካባቢ በእግር ለመጓዝ፣ ተፈጥሮን ለመጎብኘት ወይም ድንኳን ተክለው ለማደር ለሚፈልጉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ተጓዦች ስፍራዎቹን አስቀድመው እንዲያውቁ፣ አስፈላጊውን ፈቃድ እንዲያሟሉና ሊደርስ ከሚችል አደጋ ራሳቸውን እንዲጠብቁ ማገዝ ነው።

1. ስለ አካባቢው

የሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ጅግጅጋ በፋፋን ዞን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ በሚገኝ ሰፊ ሜዳ ላይ ተመሥርታለች። በስተምዕራቧ የካራማራ ተራራ ይገኛል። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የኤረርን ሸለቆ፣ የባቢሌን ከተማ፣ የዳካታን ሸለቆና የፋፋንን ሸለቆ አቋርጦ በካራማራ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ በአውሮፕላንም መጓዝ ይቻላል።

በአካባቢው ያሉት ሸለቆዎች ውኃቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይልካሉ። አብዛኞቹ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ አይደሉም። በበጋ አሸዋማ መሬት መስለው ይታያሉ፤ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላሉ።

2. ዋና ዋና ስፍራዎች

የዳካታ ሸለቆ፦ ከባቢሌ ከተማ በስተምሥራቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። ለረጅም ዘመን በነፋስ፣ በዝናብና በሙቀት መፈራረቅ የተቦረቦሩ የግራናይት ዓለቶች ተደራርበው የቆሙበት ነው። አንዳንዶቹ በጠባብ መቀመጫ ላይ ያረፉ በመሆናቸው በላያቸው ላይ መውጣትም ሆነ ከሥራቸው ድንኳን መትከል አይመከርም።

የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ፦ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ውስጥ ይገኛል። የኤረር፣ የጎበሌ፣ የዳካታና የፋፋን ሸለቆዎች ያቋርጡታል። ዝሆኖቹ የበለስ ቁልቋል ፍሬ ስለሚመገቡ ብዙ ጊዜ በጥቅጥቅ ቁልቋል ውስጥ ይሆናሉ፤ ስለዚህም እጅግ እስኪቀርቡ ድረስ ላይታዩ ይችላሉ። ያለ ጥበቃ ሠራተኛ በእግር መግባት ለጎብኚውም ለእንስሳቱም አደገኛ ነው።

ካራማራ፦ የጅግጅጋን ሜዳ ከላይ ለመመልከት የሚመች ተራራ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከሶማልያ ወራሪ ኃይል ጋር ተዋግቶ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል ያደረገበት በመሆኑ በታሪክም ይታወቃል።

ኤረር (ሲቲ ዞን)፦ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በቀድሞው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ተጓዦች ይህችን ከተማ ከሐረር በስተምሥራቅ ካለው የኤረር ሸለቆ ጋር እንዳያምታቷት ይመከራል። ሁለቱ የስም ተመሳሳይነት ብቻ ያላቸው የተለያዩ ስፍራዎች ናቸው።

3. ከጉዞ በፊት መሟላት ያለባቸው

ሀ/ የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ፤ በመንገድ ላይ የፍተሻ ኬላዎች አሉ።

ለ/ ወደ ዝሆኖች መጠለያው ለመግባት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማግኘት። ክፍያ የሚፈጸመው ሕጋዊ ደረሰኝ በመቀበል ብቻ ነው።

ሐ/ ከመጠለያው ውጪ ለማደር ለወረዳው አስተዳደርና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የቀበሌውንም ይሁንታ ማግኘት። መስመሩ ሁለት ክልሎችን ስለሚያቋርጥ የሚያድሩበት ስፍራ በየትኛው ወረዳ እንደሚተዳደር አስቀድመው ያጣሩ። ስለ ወቅታዊው የጸጥታ ሁኔታም በዚሁ አጋጣሚ ይጠይቁ።

መ/ ድሮን ለማስነሣት ሥልጣን ካለው የመንግሥት አካል የተለየ ፈቃድ መያዝ።

4. ድንኳን የሚተከልበትን ስፍራ ስለመምረጥ

በዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው አደጋ ድንገተኛ ጎርፍ ነው። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለስላሳ፣ ደልዳላና ከነፋስ የተከለለ በመሆኑ ለማደሪያ የተመቸ ይመስላል። ሆኖም ጎርፍ የሚመጣው ድንኳኑ ባለበት ስፍራ ከጣለ ዝናብ ሳይሆን ርቆ በተራራ ላይ ከጣለ ዝናብ ሊሆን ስለሚችል በላይዎ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ አይዘነጋም። የደቻቱም መውረጃ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ደረቅ ነው።

ስለዚህ፦

– በወንዝ አሸዋ ውስጥ፣ በዳርቻውም ሆነ በጠባብ ሸለቆ ወለል ላይ ፈጽሞ አይደሩ። ጎርፍ ያመጣው ግንድና ጭራሮ የተሰቀለበትን ከፍታ ተመልክተው ከዚያ በላይ ያለ ስፍራ ይምረጡ።

– ተሽከርካሪዎን በወንዝ መሻገሪያ ላይ አያቁሙ፤ ውኃ ሲወርድ ካዩ እስኪጎድል ይጠብቁ እንጂ ለመሻገር አይሞክሩ።

– በጅግጅጋ አካባቢ ዝናብ በዋናነት ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሚጥል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉዞ የተሻለ ነው። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በቂ ልብስ ይያዙ።

5. ስለ ፈንጂና ያልፈነዱ ተተኳሾች

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ምክንያት የሶማሌ ክልል በተቀበረ ፈንጂ ከተጎዱ የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። በካራማራም ሆነ በሌሎች የቀድሞ የጦር ስፍራዎች ሰዎችና ከብቶች ዘወትር ከሚመላለሱበት መንገድ አይውጡ፤ የአካባቢው ሰው የማይረግጠውን መሬት እርስዎም አይርገጡ። የብረት ቁራጭ ወይም ቀለህ የሚመስል ነገር ካዩ አይንኩ፣ አያንሡ፣ ድንጋይም አይወርውሩበት። ስፍራውን በሩቁ አስታውሰው በመጡበት ዱካ ይመለሱና ለፖሊስ ያሳውቁ። ይህንን በተለይ ለልጆች ከጉዞው በፊት ያስረዱ።

6. ውኃ፣ እሳትና ቆሻሻ

በአካባቢው ውኃ ውድ ሀብት ነው። «ቢርካ» የሚባሉት የውኃ ማጠራቀሚያዎች ባለቤት ያላቸው በመሆናቸው ያለ ፈቃድ መቅዳት ተገቢ አይደለም። ለቆይታዎ የሚበቃ የመጠጥ ውኃ ከከተማ ይዘው ይሂዱ። ከብቶች ከሚጠጡበት ስፍራ አጠገብ ድንኳን መትከል መንጋውን ከውኃ ስለሚያርቅ አርብቶ አደሩን ይጎዳል።

ለማገዶ ዛፍ አይቁረጡ፤ ምግብ ለማብሰል አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ይጠቀሙ። ደረቅ ሣር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ካነደዱ ሳያጠፉ አይለዩ። ከብቶችና ግመሎች ፌስታል በልተው ስለሚሞቱ ቆሻሻዎን ሙሉ በሙሉ ይዘው ይመለሱ። የምግብ ትራፊም ጅብ ስለሚስብ ድንኳን ውስጥም ሆነ አጠገብ አያስቀምጡ። በቆላማ ሸለቆዎች ወባ ስላለ አጎበር ይጠቀሙ።

7. የአካባቢውን ማኅበረሰብ ስለማክበር

ወደ ማንኛውም መንደር ሲደርሱ አስቀድመው የአገር ሽማግሌዎችን ሰላም ማለትና የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት ይገባል። ይህ ከአክብሮት ባሻገር ለደኅንነትዎ ከሁሉ የተሻለው ዋስትና ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ በአለባበስ ጨዋነትን መጠበቅ፣ በመንደር አካባቢ ከአልኮል መጠጥ መቆጠብና በረመዳን ቀን በአደባባይ አለመመገብ ተገቢ ነው። ሰውን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ።

8. በሕግ የተከለከሉ ተግባራት

በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን እንዲሁም የዱር እንስሳን ወይም ውጤቱን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትና መነገድ ያስቀጣል። የዝሆን ጥርስ ወይም ከዚያ የተሠራ ጌጥ ቢቀርብልዎ አይግዙ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

9. አደጋ ሲያጋጥም

የፖሊስ ነጻ የስልክ መስመር 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በሸለቆዎች ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን ስፍራና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብዎ ወይም ላረፉበት ሆቴል በጽሑፍ ይተዉ። በተባለው ሰዓት ካልተመለሱ ለፖሊስ እንዲያመለክቱም ያስታውቋቸው።