የሚያልፈውን የመያዝ ናፍቆት

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባት፣ በጎጃም በምትገኘው በደብረ ኤልያስ፣ ተማሪው በጉባኤ የሰማውን ቅኔ ከብራና ይልቅ በልቡናው ያኖረው ነበርና፣ የሚያልፈውን እንዳያመልጥ አድርጎ የመያዝ ናፍቆት ለሀገሩ ሰው ከካሜራ ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ፎቶግራፍ ግን በባዕዳን እጅ ገባ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ነበር።

በ1871 ዓ.ም. ሸዋ የደረሰው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ሆኖ ስለ ባቡር ሐዲድ ሲደክም፣ በትርፍ ጊዜው ካሜራውን አንሥቶ መኳንንቱንም ተራውንም ሕዝብ ያነሣ ነበር። ሥራው ሳያስገድደው ይህን ማድረጉ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ያየውን ሳያስቀር ለማለፍ ልቡ እንቢ ስላለው ነው።

እንግዲህ አንተም፣ ካሜራ የያዝህ የደብረ ኤልያስ ወጣት ሆይ፣ የቅኔ መምህርህን አንሣ፤ ስማቸውንና ዕለቱንም ከሥዕሉ ጀርባ ጻፍ።