የአምባር ስብርባሪ የለበሰች ሴት

ኔክ ቻንድ (1924–2015 እ.ኤ.አ.)፣ ቻንዲጋርህ፣ ሕንድ
ብረት፣ ሲሚንቶ፣ የመስታወት አምባር ስብርባሪ

ቀሚሷን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቀው የተሰበረ የሴቶች አምባር ነው። ሲሚንቶው በብረቱ አጽም ላይ ይለበጣል፤ ሳይደርቅም ስብርባሪው አንድ በአንድ ይሰካበታል።

የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪው ኔክ ቻንድ፣ አዲሲቱ ከተማ ቻንዲጋርህ ስትገነባ ከፈረሱ መንደሮች የተጣለውን ቁስ በብስክሌት እያመላለሰ አጠራቀመ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ግንባታ በተከለከለበት ደን ውስጥ፣ እንዲህ ባሉ ቅርጻ ቅርጾች የተሞላ የአትክልት ስፍራ በድብቅ ሠራ። ባለሥልጣናት ሲደርሱበት ሥራው ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ደገፈው። በ1976 ለጎብኚ ተከፈተ፤ በ1984 ኔክ ቻንድ የሕንድን የፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀበለ። የአትክልት ስፍራው ዛሬም ክፍት ነው።