በባህር የመጡት ወገኖቻችን



ስለ ዓሊያችን ሲወራ ልጆቻችን የሚያውቁት አውሮፕላኑን ነው፤ የ1984ቱን ዘመቻ ሙሴና የ1991ዱን ዘመቻ ሰለሞን። ከዚያ በፊት በመርከብ የመጡ ነበሩ ስላቸው «እኛ ደግሞ መርከብ መቼ አውቀን?» ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የወጡ ብዙ ወገኖቻችን ሱዳን ውስጥ፣ በገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ተቀምጠው ነበር። የሞሳድ ሰዎች ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ቀይ ባህር ዳር፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ ቦታ ተከራዩ። ቀን ቀን የውጭ አገር ቱሪስት ይዋኛል፤ ሌሊት ሌላ ሥራ አለ። ከካምፕ በጭነት መኪና የወጣው ሰው በየኬላው ትንፋሹን ውጦ፣ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባህር ዳር ይደርሳል። እዚያ የባህር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው፣ ራቅ ብላ ወደቆመችው መርከብ ያሻግሩታል። ስሟ ባት ጋሊም ነው፤ «የማዕበል ልጅ» ማለት። በኖቬምበር 1981 በመጀመሪያው ጉዞ 164 ሰዎች ይዛ ሄደች።

እስቲ አስቡት፤ ደጋ ያደገ፣ ትልቅ ውሃ ሲባል ጣናን የሚያስብ ሰው፣ በጨለማ ጎማ ላይ ተቀምጦ ባህር ሲገባ! ለመርከበኛውም አዲስ ሥራ ነበር፤ ሕፃን ማቀፍ፣ ሽማግሌ ደግፎ ማሳፈር።

በማርች 1982 የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንድ ነጋዴ መስሏቸው ባህር ዳር ተኩስ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ የባህሩ መንገድ ቀርቶ፣ ሄርኩለስ የሚባሉት የጦር አውሮፕላኖች በረሃ ላይ እያረፉ ሰው ማንሳት ጀመሩ።

እዚህ ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ያለፈ ሰው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን መሠራት የጀመረውን የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ያያል። ድንጋይ ነውና ለጠየቀ ይመሰክራል። ሄርጽል ተራራ ላይም በሱዳን መንገድ ላለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያ አለ። ባህር ግን ዱካ አይይዝም። የዚያች መርከብ ምስክር በየቤቱ የተቀመጡት አባትና እናት ናቸው።

በሥራዬ ብዙ ቤት እገባለሁ። አባት «ይሄ ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ዝም ይላል። ያደርግላቸዋል እንጂ! አባቱ በረሃ አቋርጦ፣ ባህር ተሻግሮ እንደመጣ ያወቀ ልጅ፣ ሰው ዝቅ አድርጎ ሲያየው አንገቱን አይደፋም። ስለዚህ ንገሯቸው፤ በአማርኛም ቢሆን፣ በትግርኛም ቢሆን። እናንተ ልጆችም በስልካችሁ ቅረጹ። ያንን ሌሊት የሚያስታውሱት በየዓመቱ እያነሱ ነው።