የማይጠብቅ ስክሪን

ጌም የሚወዱ ልጆች ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት ነገር አለ። የተለመደው የኮምፒዩተር ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ሥዕል ይለዋውጣል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ሠርቶ ጨረሰ አልጨረሰ ደንታ የለውም። ካርዱ ካልደረሰለት ከላይ አሮጌው፣ ከታች አዲሱ ይሆንና ምስሉ እንደ አሮጌ ነጠላ ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤንቪዲያ ስክሪኑ ካርዱን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ጂ-ሲንክ የሚባል ዘዴ አስተዋወቀ። ሞኒተሩ ውስጥ የኩባንያው ልዩ ዕቃ መግባት ስለነበረበት ዋጋው አይቀመስም ነበር። በ2014 ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር አዳፕቲቭ ሲንክን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣ። ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ክፍት ደረጃ በሩን የከፈተው በጃንዋሪ 2019 ነው። እስከዚያ ስክሪኑን የገዛው የካርዱን ድጋፍ ይጠብቅ!

እኔን ግን ይህ ወሬ ያስታወሰኝ ጌም አይደለም፤ ፕላዝማን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዳባትና ደባርቅ ሁሉም በአንድ ሰዓት ያንኑ ያያል። ሐሳቡን አልንቅም። የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን በሥዕል ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ግን ስክሪኑ አይጠብቅም። እስቲ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ስንቁን ተሸክሞ የመጣውን፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ አስቡት። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ተምሯል። 9ኛ ክፍል ሲገባ የፕላዝማዋ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትፈሳለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች፣ ልጁ ጥያቄውን በአማርኛ አዙሮ ሳይጨርስ መልሱን ተናግራ ታልፋለች። መብራት ከሄደማ የዕለቱ ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ ስርጭቱ ለደባርቅ ብሎ አይቆምም። ከፊት የቆመው መምህርስ? መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተረፈችው። የተማሪውን ዓይን አይቶ “ይህቺ አልገባቻችሁም፣ እንድገማት” የሚለው ሰው፣ የክፍሉ አዳፕቲቭ ሲንክ እሱ ነበር። እሱኑ ሪሞት ያዥ አደረግነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ልበል? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1984 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ቀለም መጣ። አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ግን ዕቃውን አልጣለም፤ መሐንዲሶቹ ቀለሙን ከብርሃኑ ለይተው ስለላኩት አሮጌው ዕቃ የሚችለውን ወስዶ የማይችለውን ይተወዋል። ወደ ኋላ የቀረውን ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ሰው ፕላዝማው ሲታቀድ የት ሄዶ ነበር እላለሁ።

ከዚያ ስልክ መጣና ቪዲዮን ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ በተማሪው ጣት ሆነ። ያልገባውን አሥር ጊዜ ይደጋግመው፣ ማንም አይቆጣውም። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲቀጣጠል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ለፈተና የሚዘጋጀው ልጅ ስልኩን አስቀምጦ፣ ለሦስት የሚካፈሏትን መጽሐፍ ተራው እስኪደርሰው ይጠብቅ ጀመር።